የእርከን ሥራ በሜትር እንጂ በሰው ብዛት አይለካም

መኸሩ ተሰብስቦ የሚቀጥለው እርሻ እስኪጀመር ድረስ በገጠር ብዙ እጅ ሥራ ይፈታል። ጎተራው መጉደል የሚጀምረውም በዚሁ ወራት ነው። በዚህ ጊዜ እርከን፣ ኩሬና መንገድ በጉልበት ሠርቶ እህል ወይም ገንዘብ ማግኘት ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ድጋፍ ነው። ሆኖም ክፍያው ተበልቶ ያልቃል፤ የሚቀረው የተሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአፈር እርከንን እንመለከታለን።

ያለፈው ዘመን አስተምሮናል። በ1970ዎቹ በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም ቦታዎች በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቶ ነበር። ነገር ግን አብዛኛው ገበሬው ሳይመክርበት፣ ከላይ በወረደ ትእዛዝ የተሠራ ስለነበረ፣ በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ወቅት ብዙው ፈረሰ።

በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር የ5 ቀን ሥራ ተመደበ፤ የቀኑም ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ለ1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን የተወሰነው የሥራ ልክ 150 የሰው ቀን ነው። ይህም 30 ሰው በ5 ቀን የሚሠራው ማለት ነው። እንግዲህ እርከኑ ልኩን ስቶ ከተሠራ የ30 ሰው የወር ድካም በአንድ ሌሊት ዝናብ ይሄዳል። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም፤ ያዘነበለ እርከን ውሃውን ወደ ዝቅተኛው ቦታ ሰብስቦ ይሰበራል፤ ከሥሩ ያለውንም ማሳ ይቦረቡረዋል።

በመሆኑም የሚከተሉትን እናሳስባለን፦

1ኛ/ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ባለማሳውና ጎረቤቶቹ ይምከሩበት።

2ኛ/ መስመሩ በዓይን ግምት አይውጣ። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዘንጎች፣ 10 ሜትር ሲባጎና በሲባጎው መካከል የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ይበቃል። ሁለት ሰዎች ዘንጎቹን ይያዙ፤ ሦስተኛው ውሃ ልኩን ያንብብ፤ እኩል በሆነው ቦታ ችካል ይተከል።

3ኛ/ ከቦዩ የወጣው አፈር ወደ ታችኛው ወገን ተደልድሎ በሚገባ ይጠቅጠቅ። ከተጠቀጠቀ በኋላ ቁመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይነስ። በቦዩም ውስጥ በየ3 እስከ 6 ሜትሩ ውሃ የሚያግድ ያልተቆፈረ ክፍል ይተው።

4ኛ/ ክረምቱ ሲገባ በእርከኑ ላይ የዝሆን ሣር ወይም ሌላ የከብት መኖ ይተከል። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ቅጠሉ ለከብት ይሆናል።

5ኛ/ ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶችና አቅመ ደካሞች ለቁፋሮና ለሸክም አይሰለፉ።

የሥራው ተቆጣጣሪም ስም ጠርቶ ብቻ አይመለስ፤ ሜትሩን ይለካ፣ ልክነቱንም ይመርምር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲያባራ ደግሞ ባለማሳው ዶማውን ይዞ በእርከኑ ዳር ይዙር። ትንሿን ስንጥቅ ያን ዕለት ብቻውን ይደፍናታል፤ ከተዋት ግን ለከርሞ 30 ሰው ላይበቃት ይችላል።