ዋጋ ያልተለጠፈባት የእንቁጣጣሽ ሥዕል

የጳጉሜ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ለአዲስ አበባ ነጋዴ ከአንድ ሙሉ ወር ይበልጡበታል። በሾላ፣ በመርካቶና በሳሪስ ገበያዎች ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ቅቤውና ሽንኩርቱ ከአንድ ሳምንት በፊት በነበረበት ዋጋ አይገኝም። በበግ ተራ ደላላው የሙክቱን ላት ጨብጦ ወደ ሰማይ የወጣ ዋጋ ይጠራል፤ ገዥውም ወገቡን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ግማሹን ይመልስለታል። ሁለቱ ሲጓተቱ ይቆዩና መሐል ላይ ይገናኛሉ። የዓመት በዓል ገበያ ማለት ይኸው ነው።

በዚህ ሁሉ የዋጋ ጩኸት መካከል ግን ማንም ዋጋ የማይጠራባት፣ ማንም የማይከራከርባት አንዲት ዕቃ አለች። ከገበያ አትገዛም። መስከረም 1 ቀን ጠዋት በር አንኳኩታ ትመጣለች። የሰፈር ልጅ በገዛ እጁ የሳላት የእንቁጣጣሽ ሥዕል ናት። ሒሳብ ለሚያሰላ ሰው ከበዓሉ ዕቃዎች ሁሉ ርካሿ እሷ ናት። ሙክቱ ተበልቶ፣ ቄጠማው ተጠርጎ ካለቀ በኋላ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ የምትቀረውም እሷው ናት። ታዲያ ይህች ወረቀት ስንት ታወጣለች?

የምርቱ ወጪ

ሥዕሏን ለማምረት የሚጠይቀው ካፒታል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ካለፈው ዓመት ደብተር የተረፈ ንጹሕ ሉክ፣ አንድ ፓኮ ከለር፣ እስክሪብቶና ማስመሪያ ከተገኘ ሥራው ይጀመራል። ከለሩም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የወንድምና የእህት የጋራ ንብረት ነው።

ትልቁ ወጪ ጊዜና ጉልበት ነው። በክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ዝናቡም ከቤት አያስወጣም። ቡሄ ካለፈ በኋላ ጠረጴዛው ወይም ወለሉ ወደ ሥዕል ፋብሪካነት ይለወጣል። ታላቅ ይነድፋል፣ ታናሽ ይቀባል። ክንፉን የዘረጋ መልአክ፣ ከተራራ ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ፣ አውራ ዶሮና አደይ አበባ የተለመዱት ምርቶች ናቸው። ከሥር “እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ” የሚል ጽሑፍ ይከተላል። ቢጫው ከለር ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል፤ ፀሐይዋም አደዩም የሚፈልጉት እሱን ነውና።

ሴቶቹ ልጆችም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አደይ አበባና ለምለም ቄጠማ ይዘው “አበባየሆሽ” እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ።

ሻጭ የሌለበት ግብይት

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጁ ሥዕሉን በሁለት እጁ ይዞ ይገባል። እማማ ወይም ጋሼ ተቀብለው ያዩለታል፣ “እደግ ተመንደግ” ብለው ይመርቁታል፣ ከዚያም ከመቀነታቸው ወይም ከኪሳቸው ያገኙትን ይሰጡታል። ልብ በሉ፤ ዋጋውን የሚወስኑት ተቀባዩ ናቸው። ልጁ “ስንት ነው?” ቢባል መልስ የለውም። አንድ ጊዜ ዋጋ ከጠራ ስጦታነቱ ያበቃና ንግድ ይሆናል።

ለዚህም ነው የአንዱ ቤት ክፍያ ከሌላው የማይመሳሰለው። የማይታወቅ ልጅ ትንሽ ያገኛል፤ ዓመቱን ሙሉ ሱቅ የሚላላከው የጎረቤት ልጅ ደግሞ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይዞ ይወጣል። አንዳንዱ ቤት ገንዘብ ከሌለ ዳቦ ይቆርሳል። ወረቀቱ ያው ወረቀት፣ ከለሩም ያው ከለር ሆኖ ሳለ የክፍያው መለያየት የሚያሳየው ሰዎቹ የሚከፍሉት ለወረቀቱ አለመሆኑን ነው።

መጠኑ ግን ከዘመኑ ጋር ተቀይሯል። ስሙኒና ሽልንግ ልጅን የሚያስፈነድቁበት ጊዜ ነበር። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲሻገር፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ የብርን መዳከም ተሸክሞ ነበር የገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲተው ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከለሩም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነውና የልጁ የማምረቻ ወጪ ከዚህ አላመለጠም። ወረቀት የነበረው አንድ ብርም ሳንቲም ሆኗል። የምርቃቱ መጠን ብቻ ነው ያልተለወጠው።

የአሜሪካዊው ምሁር ሒሳብ

ስጦታን በሒሳብ ሚዛን ላይ ካስቀመጡ ኢኮኖሚስቶች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ጆኤል ዋልድፎጌል ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የዬል ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳለ “አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው” በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ገና ስጦታ ያወጣው ጥናት ብዙ አነጋግሯል። ተማሪዎቹን የጠየቃቸው ቀላል ነገር ነበር፤ የተሰጣችሁ ዕቃ ሰጪውን ስንት ያስወጣው ይመስላችኋል? ለእናንተስ ስንት ብር ያወጣል?

መልሶቹ ሲደመሩ ተቀባዮቹ ለዕቃው የሰጡት ግምት ከተገዛበት ዋጋ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ከአሥር በመቶ እስከ አንድ ሦስተኛ ይደርሳል። አሜሪካውያን በዚያን ጊዜ ለበዓል ስጦታ የሚያወጡት በዓመት 40 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይገመት ስለነበር፣ ከ4 እስከ 13 ቢሊዮን ዶላር የሚሆነው ሰጪውንም ተቀባዩንም ሳይጠቅም ይባክናል ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚያስፈልገውን አብልጦ የሚያውቀው ተቀባዩ ራሱ ነው። ያልለካው ሸሚዝ ከሚገዛለት ገንዘቡ ቢሰጠው ይሻለዋል።

በዚህ ስሌት ከሄድን ጥሩው የበዓል ስጦታ ጥሬ ገንዘብ ነው። አገራችንም ወደዚያው እያዘነበለች ይመስላል። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ለእናቱ በሐዋላ ይልካል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ክፍለ ሀገር ያለ ወንድም የዶሮ መግዣውን ለእህቱ በስልክ ያስተላልፋል። ይህን የሚነቅፍ የለም፤ የተላከው ገንዘብ የብዙ ቤት የበዓል ድስት የሚሠራበት ነው።

ነገር ግን ዋልድፎጌል ለተማሪዎቹ ጥያቄውን ሲያቀርብ አንድ ነገር እንዲተዉ ነግሯቸዋል። ዕቃው በትዝታና በፍቅር ያለውን ዋጋ አትቁጠሩ ብሏቸዋል። መለካት የፈለገው የዕቃውን ጥቅም ብቻ ነበርና ለጥናቱ ትክክል ነው። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ግን ያ ከተቀነሰባት የምትቀረው ከለር የነካው አንድ ሉክ ወረቀት ብቻ ናት።

ልጆቻቸው ሁሉ ውጭ አገር የሚኖሩ አንዲት እናትን እናስብ። በበዓሉ ዋዜማ ከሦስት አቅጣጫ ገንዘብ ገብቶላቸዋል። በጉ ተገዝቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል። ጠዋት ቡናቸውን አፍልተው ሲቀመጡ በሩን የሚያንኳኳው ግን ገንዘቡ አይደለም። ሥዕሉን የያዘው የጎረቤት ልጅ ነው። ባይመጣባቸው ኖሮ በጉም ቅቤውም በቦታው ነበር፤ ቤቱ ግን ሰው የረሳው ቤት ይሆን ነበር። ገንዘቡ ሊገዛላቸው የማይችለው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ አንድ ልጅ “የእማማን ቤት እንዳንዘል” ብሎ ከሥዕሎቹ አንዱን ለእሳቸው መቁጠሩ።

ፎቶ ኮፒ ሲገባ

ገበያ ባለበት ሁሉ ምርትን ማብዛት የሚያስብ አይጠፋም። በእጅ ከተሳለው ሥዕል ጎን ለጎን የታተመና በፎቶ ኮፒ የተባዛ ሥዕል ከተማውን ሞልቶታል። አንድ ጊዜ የተሳለ መልአክ በፎቶ ኮፒ ቤት መቶ ይሆናል። ለልጁ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ አንድ ሥዕል ለማውጣት የሚያጠፋው ጊዜ ከአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ጥቂት ሰኮንዶች ይወርዳል።

ይሁንና ተቀባዩም ዓይን አለው። በአንድ ጠዋት አንድ ዓይነት መልአክ አራት ጊዜ የቀረበላቸው አባወራ አምስተኛውን ሲያዩ ሳንቲሙን ሰጥተው ወረቀቱን “ያዘው ልጄ፣ ለሌላ ቤት ይሁንህ” ማለታቸው አይቀርም። ደግነት ይመስላል። ልጁ ግን ሰጪ ሆኖ ገብቶ ተመጽዋች ሆኖ ይወጣል። ከገንዘቡ ያልጎደለ ነገር ከሥዕሉ ጎደለ ማለት ነው።

ሥዕሏን ውድ ያደረጋት ጥራቷ አልነበረም። በፎቶ ኮፒ የወጣው መልአክ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ክንፉም የተስተካከለ ነው። የእጅ ሥራዋ የያዘችው ግን አንድ መረጃ ነበር፤ ይህ ልጅ ከክረምቱ ላይ አንድ ሰዓት ቆርጦ ለዚህ ቤት አውሏል የሚል። ወጪው ሲጠፋ መረጃውም አብሮ ይጠፋል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ” እንደሚባለው፣ ሃያ የእጅ ሥዕሎች በሃያ ግድግዳ ላይ ጌጥ ናቸው።

አደይና ጽጌረዳ

በአበባው በኩልም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ አገር ናት። በዝዋይ፣ በሆለታ፣ በሰበታና በደብረ ዘይት አካባቢ የሚበቅለው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ኔዘርላንድስ ይሄዳል። እዚያም እያንዳንዱ ዘለላ በርዝመቱና በእንቡጡ መጠን ተመድቦ ዋጋ ይወጣለታል። አደይ አበባ ግን በዚያ የዋጋ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ክረምቱ ሲወጣ በሜዳና በእርሻ ዳር በራሷ ትፈካለች፤ ጥቅምት ሳያልቅ ትጠፋለች።

ዛሬ የከተማዋ ዳርቻ ሜዳዎች በቤት ስለተሸፈኑ ብዙዎቹ ልጆች አደይን የሚያገኙት ከገጠር ይዘው ከሚመጡ ሴቶች ገዝተው ነው። ለእነዚያ ሴቶች ገቢ ነው፤ ለልጆቹ ግን ቀደም ሲል እግራቸውን እንጂ ኪሳቸውን የማይጠይቅ የነበረው አበባ የመነሻ ካፒታል የሚፈልግ ሆኗል።

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ ለሚል መልሱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በነሐሴ ወር አንድ ፓኮ ከለር ገዝቶ ለልጁ መስጠት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ከመላክ ይልቅ አምስትም ትሁን አሥር ሥዕል በእጁ እንዲሠራ መተው ይበቃል። ተቀባዩም በበኩሉ ሳንቲሙን አውጥቶ ከመስጠቱ በፊት ሥዕሉን አንድ ጊዜ ይየው፤ ወረቀቱንም አይመልስ። ልጁ ከዚያ የሚያገኘው ብር ደብተር ወይም ከረሜላ ይገዛበታል። ሥዕሉ ተሰቅሎ ማየቱ ግን በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ከለሩን እንዲያነሳ ያደርገዋል።

መጪው ጳጉሜ ሲገባ የዶሮው ዋጋ መነሳቱ አይቀርም። የእንቁጣጣሽ ሥዕልን ዋጋ ለማወቅ ግን ገበያ መውጣት አያስፈልግም፤ ያለፈው ዓመት ሥዕል ዛሬም ከተለጠፈበት ግድግዳ ላይ ቀና ብሎ ማየት ነው። ከዘመን ዘመን ያሸጋግረን።