አውሮፕላን ውስጥ ረብሻ ሲነሳ ምን እናደርጋለን?

የበረራ አስተናጋጅ ነኝ። «ተሳፋሪ ሲሳደብ ዝም የምትሉት ፈርታችሁ ነው?» ብላችሁ ለምትጠይቁን፦ አይደለም። ሥልጠናችን ነው። ለሚጮህ ሰው በጩኸት ከመለስን አጠገቡ ያሉት ሁሉ ይገቡበትና ጠቡ ይሰፋል። ስለዚህ ከመቀመጫው ጎን በርከክ ብለን፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን፣ በዝግታ «ምን ላግዝዎት?» እንላለን። ቢሳደብም አንቱታውን አንተውም።

ካልበረደለት ሌላ ባልደረባ ይተካናል፣ መጠጥ አይቀዳለትም፣ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ካፒቴኑም እንዲያውቅ ይደረጋል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ረብሻን በአራት ደረጃ ይከፍለዋል፤ ከስድብ ይጀምርና ወደ አብራሪዎች ክፍል ሰብሮ ለመግባት እስከ መሞከር ይደርሳል። በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በተፈረመው የቶኪዮ ስምምነት መሠረት ካፒቴኑ ለበረራው ደኅንነት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ሰውየውን ማሳሰር፣ ባረፈበት አገር ማስወረድ፣ ጥፋቱ ከባድ ከሆነም ለሕግ ማስረከብ ይችላል። «አየር ላይ ማን ይከሰኛል?» የሚል ካለ ተሳስቷል።

አንድ ነገር ግን ሁሌም ያሳስበኛል። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ፣ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ የሆነች እህት ቀበቶው እንዴት እንደሚታሰር አታውቅም፤ በእንግሊዝኛ ሲነግሯት ዝም ትላለች። ይህ እምቢተኝነት አይደለም። በቋንቋዋ ቀስ ብሎ ማሳየት ብቻ ይበቃል።

እናንተም አጠገባችሁ ረብሻ ከተነሳ ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹ፣ ለመገላገልም አትነሱ። የአስተናጋጅ መጥሪያውን ተጫኑ።