ዕድሜያቸው የገፋ ስፖርተኞችና የአበረታች ቅመም ጥርጣሬ

አንድ ስፖርተኛ እኩዮቹ ውድድር ባቆሙበት ዕድሜ ከፍተኛ ውጤት ሲያስመዘግብ፣ ከአድናቆት ጋር ጥርጣሬም ይነሣል። ሆኖም ዕድሜ ብቻውን የጥፋት ማስረጃ አይሆንም። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 የሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው በ36 ዓመቱ ሲሆን፣ በ1972 በሙኒክ የነሐስ ሜዳሊያ ሲያገኝ 40 ዓመት ሞልቶት ነበር። ቀነኒሳ በቀለም በ2024 የለንደን ማራቶንን በ41 ዓመቱ፣ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ፣ በሁለተኛነት አጠናቋል። ጥርጣሬ የሚረጋገጠው ወይም የሚወገደው በምርመራና በሕጋዊ ሥርዓት ብቻ ነው።

የከፍታ ጉዳይ

እንደ አቀስታና መካነ ሰላም ባሉ የደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች ለሚኖሩ ወይም ለሚለማመዱ ስፖርተኞች ከፍታ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከፍታ የደም ምርመራን ውጤት ሊለውጥ ስለሚችል፣ ስፖርተኛው የደም ናሙና ሲሰጥ የቆየበትን ቦታ በትክክል ማስመዝገብ ይኖርበታል። የደም መረጃውም የሚመዘነው በተለያየ ጊዜ ከተሰበሰበው የራሱ መረጃ ጋር እየተነጻጸረ ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ መድኃኒቶች

ዕድሜ ሲገፋ ሕመምና ጉዳት ስለሚበዛ፣ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትም ስፖርተኛውን ለቅጣት ሊዳርግ ይችላል። ከእነዚህም መካከል፦

• ለደም ግፊት የሚሰጡ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሌሎች ቅመሞችን ሊሸፍኑ ስለሚችሉ ምንጊዜም የተከለከሉ ናቸው።
• ለስኳር ሕመም የሚወሰደው ኢንሱሊንም እንዲሁ ምንጊዜም የተከለከለ ነው።
• ለጉልበትና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጡ የኮርቲኮስቴሮይድ መርፌዎች እ.ኤ.አ. ከ2022፣ የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል ደግሞ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በውድድር ጊዜ ተከልክለዋል።

በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘ የተከለከለ ቅመም ተጠያቂው ስፖርተኛው ራሱ ነው። «ሐኪም ያዘዘልኝ ነው» የሚለው ምላሽ ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንም።

ልዩ ፈቃድ ስለማግኘት

ሕክምናው የግድ አስፈላጊ ከሆነ፣ ስፖርተኛው ለሕክምና የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። በአገር አቀፍ ደረጃ የሚወዳደር ጥያቄውን ለኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚወዳደር ደግሞ ለስፖርቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያቀርባል። ማመልከቻው ከሐኪም ማስረጃ ጋር ተያይዞ፣ ከውድድሩ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ መቅረብ አለበት። ድንገተኛ ሕመም ሲያጋጥም ሕክምናው አይዘገይም፤ ጥያቄው ከሕክምናው በኋላ ሊቀርብ ይችላል።

ከውድድር ተሰናብቶ ስለመመለስ

በምርመራ መዝገብ ውስጥ እያለ ውድድር ማቆሙን ያስታወቀ ስፖርተኛ ወደ ውድድር መመለስ ሲፈልግ፣ ከ6 ወር አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅና በዚህ ጊዜ ውስጥ ለምርመራ ዝግጁ መሆን ይጠበቅበታል። ይህ ግዴታ ለሯጭም ሆነ ለቅርጫት ኳስ ተጫዋች አንድ ነው።

የተጠርጣሪ መብት

የመጀመሪያው ናሙና የተከለከለ ቅመም ቢያሳይ፣ ስፖርተኛው ሁለተኛው ናሙና እንዲመረመርለት የመጠየቅና ጉዳዩ በገለልተኛ አካል የመሰማት መብት አለው። ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት የ4 ዓመት እገዳ ሊጣል ይችላል። ናሙናዎች እስከ 10 ዓመት ተጠብቀው እንደገና ሊመረመሩ ስለሚችሉ፣ በዛሬ ምርመራ ያልታየ ጥፋት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

ስለ አበረታች ቅመም አጠቃቀም ተጨባጭ መረጃ ያለው ዜጋ ለባለሥልጣኑ ይጠቁም። ያልተረጋገጠ ወሬ ማሰራጨት ግን ንጹሕ ስፖርተኛን በዘመናት ልፋት ያገኘውን ስም ያሳጣል።