ገሳላዋ ስትቆም

ከጦርነቱ በፊት ደይም ውስጥ አርብ የልብስ ቀን ነበር። ደይም ብዙ ሐበሻ ይኖርበት የነበረ የካርቱም ሰፈር ነው። ስድስት ሆነን በተከራየነው ግቢ፣ ሱዳኖቹ ሆሽ በሚሉት፣ አዋጥተን የገዛናት ባለሁለት ገንዳ ልብስ ማጠቢያ ነበረችን። ማናችንም «ማሽን» አንላትም፤ በአረብኛው «ገሳላ» ነው የምንላት። አንድ አርብ ጠዋት ልብሱን ሞልተን ቁልፏን ስናዞር ጢቅ ጢቅ አለች፣ ሆዷ ውስጥም እምምም የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ውኃው ግን ንቅንቅ አላለም። «ሞተሯ ተቃጠለ» አልን ባንድ አፍ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ማሽኗን ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ቀና ብለው ያዩት የጣሪያውን ቬንትሌተር ነው። «ክንፎቹ ይቆጠራሉ እኮ» አሉ። «እሷ ደህና ናት ልጆቼ፤ የታመመው መብራቱ ነው። ቶሎ ንቀሏት!»

ያን ቀን ሞተሯን ያተረፈው ይህ አንድ ቃል ነው። ባለሁለት ገንዳዋን ለማያውቅ ሰው ማስተዋወቅ ብፈልግም የምጀምረው ከዚሁ፣ ከድምፆቿ ነው።

ጢቅ ጢቅ የሚለው ሰዓቷ ነው። በብዙዎቹ ባለሁለት ገንዳ ማሽኖች የማጠቢያው ሰዓት በሞላ የሚሠራ እንጂ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አይደለም። ስናዞረው እንጠመጥመዋለን፤ እሱ ራሱን እየፈታ ይቆጥራል። መብራት ጨርሶ ቢጠፋም መቁጠሩን አይተውም፤ አሥራ አምስት ደቂቃው ሲሞላ ይቆማል፣ ልብሱ ግን እንደነከሩት ነው። ስለዚህ ጢቅታው ስለ መብራቱ የሚነግረን ነገር የለም። እምምታው ግን ይነግረናል። ኤሌክትሪክ ሞተሩ ድረስ መጥቷል፣ ሞተሩ ሊነሣ ይፈልጋል፣ አቅም ግን አጥቷል ማለት ነው።

አቅም የሚያጣበት ዋናው ምክንያት የቮልቴጅ መውረድ ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ ከዚያ በጣም ፈጥኖ ይወርዳል። 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ 160 ሲገባ ከሩብ ትንሽ የሚበልጥ የቀነሰ ይመስላል፤ የሞተሩ የማዞር ጉልበት ግን ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። በውኃና በልብስ የተሞላ ገንዳ በግማሽ ጉልበት አይነቃነቅም። የቆመ ሞተር ደግሞ ሲዞር ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። የሳበው ሁሉ ወደ እንቅስቃሴ ስለማይለወጥ ሙቀት ይሆንና የመዳብ ጥቅሉን ሽፋን ያቀልጠዋል። ሽታው የተቃጠለ ቫርኒሽ ነው፤ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም። እንግዲህ እምምታ ሲሰማ ቆሞ «ምን ሆነች» እያሉ መመካከር ሳይሆን መንቀል ነው።

ቮልቴጁ ለምን ይወርድ ነበር? ሱዳን ትንሽ አገር አይደለችም፣ ግድቦቿም ትንሽ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው የመርዌ ግድብ ብቻውን 1250 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ነው፤ ከእኛም አገር በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚሻገር የ230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ። ነገር ግን ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲነካ ከተማው ሁሉ ማቀዝቀዣውን ባንድ ጊዜ ይከፍት ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጥቁር ዓባይ የአገራችንን አፈር ተሸክሞ ይወርዳል፤ የሮሴሬስ ግድብ በደለል እንዳይሞላ በጎርፉ ወራት ውኃው ዝቅ ተደርጎ ስለሚያልፍ ተርባይኖቹ የሚሰጡት ኃይል ይቀንሳል። በዚህ ላይ ከትራንስፎርመሩ እስከ ግቢያችን ድረስ ረጅምና ቀጭን ሽቦ፣ በሽቦው ላይ የተንጠለጠለው ጎረቤት ብዛት ነበር። ጎረቤት ሰው «ከህረባ ገጠዐት» ብሎ ሲጮኽ መብራት ጠፋ ማለት ነው፤ በመጥፋትና በመኖር መካከል ላለው ለዚህ ለደከመው መብራት ግን ማንም አይጮኽም፤ ማሽን የሚገድለውም እሱ ነው። ለዚህ ነው የእትዬ ቬንትሌተር ከማንኛውም መለኪያ የበለጠብኝ። ክንፎቹ ተለይተው ከታዩ ገሳላ አይነሣም።

ቬንትሌተሩ እየበረረ እሷ እምም ብላ ከቆመችስ? ያኔ ወደ ካፓሲተሩ እንሄዳለን። ባንድ ፌዝ የሚሠራ ሞተር በየት በኩል እንደሚዞር ራሱ አያውቅም፤ የሚገፋው ሁለተኛ እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ ካፓሲተሩ ነው፤ ለሁለተኛው ጥቅል የሚሄደውን ከረንት ጊዜውን አዛንፎ ይሰጠዋል። የማሽኗን የኋላ ክዳን አራት ቡሎን ፈትተው ቢያዩ ከሞተሩ አጠገብ አውራ ጣት የሚያክል ወይም ከዚያ ወፈር ያለ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሽቦ የወጣበት ዕቃ ነው። ሆዱ ካበጠ ወይም ዘይት የመሰለ ነገር ካንጠባጠበ ሞቷል። ሙቀት ዋና ጠላቱ ነው፤ ጥላ በሌለው ሆሽ ውስጥ ከሰዓት የምትሠራ ማሽን ካፓሲተር ዕድሜው ያጥራል። ሱዳኖቹ በአክብሮት «ባሽሙሃንዲስ» የሚሉት ጠጋኝ ቺንጋውን ያወልቅና፣ ሞተሩ እምም ሲል ዘንጉን በእንጨት ነካ ያደርገዋል። ወደነካው አቅጣጫ መዞር ከቀጠለ ሞተሩ ደህና ነው፣ የሚገዛው ካፓሲተር ብቻ ነው። ይህን ጣት ያለው ሰው ሁሉ መሞከር የለበትም። ማሽኗ ከሶኬት ከተነቀለች በኋላም ካፓሲተሩ መታ ሊያደርግ ይችላል፤ ባለሙያው መጀመሪያ በአምፖል ያራግፈዋል።

መጭመቂያው ብቻ አልዞር ካለ ግን ጉዳዩ ቀላል ነው። ክዳኑ በደንብ ካልተገጠመ እንዳይዞር የሚከለክል ትንሽ ማብሪያ አለች፣ ክዳኑ ሲነሣ የሚይዝ ፍሬንም አለ፤ የፍሬኑ ገመድ ሲላላ ይዞ ይቀራል። በማጠቢያው ገንዳ በኩል ደግሞ የሱዳን ሴቶች የሚጠመጠሙት ልብስ፣ ቶብ፣ አራት ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ታጥፎ በመረብ ውስጥ ካልገባ ልብሱን የሚያሽከረክረው ክፍል ሥር ይጠመጠምና ሞተሩን ያንቀዋል።

ጄኔሬተር ያለው ሰው ችግሩ ያለፈለት ይመስለዋል። ግቢያችን ውስጥ የነበረችው በቤንዚንና በዘይት የምትሠራ ትንሿ ነበረች። እንዲህ ያለችዋ ላይ 950 ተብሎ ቢጻፍም ያለማቋረጥ የምትሰጠው 650 ዋት አካባቢ ነው። የባለሁለት ገንዳዋ ሞተር ሲዞር ሦስት መቶ ምናምን ዋት ቢፈልግም ሲነሣ ብዙ እጥፉን ይጠይቃል። ፍሪጅ ተሰክቶ እሷ ከተጨመረች ጄኔሬተሩ ያንቃል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ወደ እምምታችን ተመለስን። ጄኔሬተሩ ሞቆ ይረጋጋ፣ ገሳላ ቀድማ ትነሣ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ። ውኃ የሚያሞቀው አውቶማቲክ ማሽን ግን ማሞቂያው ብቻ 2000 ዋት ገደማ ስለሚፈልግ ከዚህች ጄኔሬተር ጋር አይሞከርም። በካርቱም በጋ ማሞቂያው አያስፈልግም ነበር፤ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ውኃውን እጅ እስኪያቃጥል ያሞቀዋል። አውቶማቲኩ ሌላም ጉድ አለበት። መብራት መሀል ላይ ሲጠፋ ውኃና ልብስ ይዞ በሩ እንደተቆለፈ ሊቀር ይችላል። የጥቁር ዓባይ ጭቃ የመጣ ሰሞንም በውኃ መግቢያው ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት ትደፈናለች፤ ሰው ግን ፓምፕ ነው ብሎ ፓምፕ ይገዛል።

 በሶላርና በባትሪ የሚያጥብ ካርቱሜም ይህንኑ የዋት ሒሳብ ይሠራል። 300 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲቀዳ 25 አምፒር ነው፣ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲታከል ከዚያም ይበልጣል። 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙበት ከሁለት ሰዓት ማጠብ አያልፍም። ርካሹ ኢንቨርተር የሚሰጠው ሞገድ ደግሞ የተቆራረጠ ስለሆነ ሞተሯ ብትዞርም ታጉረመርማለች፣ ትግላለችም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የኤሌክትሪክ ንዝረቱ ነው። «ትንሽ ነዘር ታደርጋለች» እየተባለ ስንት ጊዜ ታጥቦባታል! ማሽኗ ብረቷ ሲነካ ከነዘረች ኤሌክትሪክ ወደ ገላዋ ሾልኳል፣ የሚወርድበት ኧርዝም የለም። ሦስተኛ እግሩን ቆርጠን ዲቫይደር ላይ የምንሰካው ስፒና፣ ባዶ እግር፣ እርጥብ ሲሚንቶ፤ እነዚህ ባንድ ላይ ሰው ይገድላሉ። ኧርዝ ያለው ግቢም ቢሆን የካርቱም መሬት ሲደርቅ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ የሚያውቁ ሰዎች የኧርዙ ዘንግ የተቀበረበትን ውኃ ያጠጡታል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ገሳላዋን ሆሹ ውስጥ ትተናት ወጣን። ብዙ ሐበሻ በገዳሪፍ አድርጎ በመተማ ገባ። ከተማው ውስጥ ዘራፊዎች መዳቡን ፈልገው ከግድግዳ ሳይቀር ሽቦ መዝዘው ወሰዱ። ዛሬ የተመለሱ ሰዎች አቧራ የጠጣች ማሽን አግኝተው «ትሠራ ይሆን?» ብለው ይጠይቁኛል። አትሰኳት እላለሁ። መጀመሪያ የቤቱ መስመር በባለሙያ ይታይ። ክዳኑ ይከፈት፣ አይጥ የበላው ሽቦና የደረቀ ቺንጋ ይፈለግ፣ ሞተሩ ሐቡብ የሚባለው የአሸዋ ማዕበል ካመጣው አቧራ በብሩሽ ይጽዳና አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ይምታው። ከዚያ ዘንጉን በእጅ ማዞር ነው። ሳይያዝ ከዞረ፣ ውኃም ልብስም ሳይገባባት አምስት ደቂቃ ባዶዋን ትዙር።