ዘላቂ የአመጋገብ ልማድ በአዋቂዎች ዘንድ እንዴት ይለካል?

ዘላቂ አመጋገብ ማለት ጤናን የሚጠብቅ፣ በተፈጥሮ አካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጫና አነስተኛ የሆነ፣ ዋጋው የሚቻልና ከሕዝቡ ባህል ጋር የሚስማማ አመጋገብ ነው። ከእነዚህ ጎኖች አንዱን ብቻ የለካ መሣሪያ ሙሉውን ለክቷል ማለት አይቻልም።

በዘርፉ ከሚጠቀሱት መሣሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2019 በፖላንድ ተመራማሪዎች የታተመው መጠይቅ ነው። 34 ጥያቄዎቹ በስምንት ክፍሎች የተመደቡ ሲሆን፣ ከክፍሎቹ መካከል የተመጣጠነ አመጋገብ፣ ሥጋ መቀነስ፣ የአካባቢን ምርት መምረጥ፣ የጥራት ምልክት ያለውን መግዛትና ምግብ አለማባከን ይገኙበታል። መላሹ እያንዳንዱን ድርጊት ምን ያህል አዘውትሮ እንደሚፈጽም ይናገራል።

ይህ መጠይቅ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ተመልሶ በኢትዮጵያ ቢሠራበት፣ ችግሩ በተለይ ሥጋ መቀነስ በሚለው ክፍል ጎልቶ ይወጣል። ሦስት ሰዎች ሥጋ እምብዛም አይበሉም እንበል፤ አንዷ ዋጋው ስለማይቀመስ፣ ሌላው ጾም ስለሆነ፣ ሦስተኛው ለጤናውና ለአካባቢው አስቦ። መጠይቁ ለሦስቱም እኩል ከፍተኛ ነጥብ ይሰጣል። የመጀመሪያዋ ግን የብረት ማዕድን እጥረት ያስከተለው ደም ማነስ ያለባት ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች። ድህነት በጎ ልማድ ተብሎ ተመዘገበ ማለት ነው። በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርቶ «ሥጋ ቀንሱ» የሚል ምክር ቢሰጥ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው በእርሷ ላይ ነው። ስለዚህ «ምን ያህል ጊዜ?» የሚለውን ጥያቄ «ስለ ምን?» የሚል ሊከተለው ይገባል።

ጊዜውም ውጤቱን ያዛባል። ያለፉትን 24 ሰዓታት ምግብ የሚጠይቅ ጥናት በሁዳዴ 55 ቀናት ውስጥ ብቻ ቢካሄድ፣ ከፋሲካ በኋላ ከሚገኘው ፈጽሞ የተለየ ማኅበረሰብ ያሳያል። እንደ መላሹ ሃይማኖት የጾሙም የፍስኩም ቀን መጠየቅ አለበት። ቤተሰቡ ከአንድ ትሪ የሚበላ ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱን ድርሻ መገመት አስቸጋሪ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በአንጻሩ መጠይቁ የማያያቸው ነገሮች አሉ። ጤፍ ከእህል በረንዳ ገዝታ ወፍጮ ቤት ለምታስፈጭ እናት የጥራት ምልክት ትርጉም የለውም፤ የተረፈውን እንጀራ ፍርፍር ወይም ድርቆሽ ማድረጓ ግን ምግብ አለማባከን ነው። በእንጨት በሚያበስል ቤት ከማገዶው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ስለሆነ፣ በምን ምድጃ እንደሚጋገር ያልጠየቀ መሣሪያ የአካባቢውን ጫና አልለካም።

የክሮንባክ አልፋ 0.70 ሲደርስ መጠይቁ አስተማማኝ ሆነ ብሎ መደምደም የተለመደ ስሕተት ነው። አልፋ ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን እንጂ የታሰበውን መለካታቸውን አያረጋግጥም፤ ተስማምተው ሊሳሳቱም ይችላሉና። መላሾች ጥያቄውን በራሳቸው አባባል እንዲያስረዱ በማድረግ ትርጉሙን አስቀድሞ መፈተሽ ያስፈልጋል። የክብደት፣ የቁመትና የሄሞግሎቢን ልኬት ከመጠይቁ ጋር አብሮ ሲወሰድ፣ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ሰው በልቶ ያደረ ይሁን ወይም ያጣ ለመለየት ይረዳል።