ኢንጂነር ሆኜ ሶሲዮሎጂ ለምን ተማርኩ?

«በሲቪል ከአምስት ኪሎ ተመርቀህ፣ ሥራም ይዘህ፣ ማታ ስድስት ኪሎ እየተመላለስክ ሶሲዮሎጂ መማርህ ምን ሊጠቅምህ ነው?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ዛሬ ልመልስ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ70/30 ዘመን ነው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ ተወስኖ ስለነበር፣ ሒሳብ የምንችል ልጆች ወደ ምህንድስና ጎረፍን። ፍሬሽማን የሚባለው ዓመትም ያኔ አልነበረም። ከታሪክና ከጂኦግራፊ ጋር አሥረኛ ክፍል ላይ እንደተለያየን ቀረን።

ሶሲዮሎጂን የጀመርኩት የቀረብኝ ነገር እንዳለ እየተሰማኝ ነው። ጥቅሙ የገባኝ ግን እዚሁ ሰፈሬ፣ ቀራንዮ ነው። ውስጥ ለውስጥ የሚነጠፍ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ተመድቤ ነበር። የዝናቡን መጠንና ተዳፋቱን ይዘን የጎርፍ መውረጃ ቦዩን አስልተናል። የለካነው በበጋ ነው። አንዲት እናት ከበራቸው ወጥተው፣ «ልጄ፣ ውሃው በዚህ አይመጣም እኮ፤ ያ የላይኛው አጥር ከታጠረ ወዲህ በእኔ ጓሮ ነው የሚወርደው» አሉኝ።

ድሮ ቢሆን «እሺ እማማ» ብዬ አልፍ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ማታ ማታ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ እየተማርኩ ነበርና ቁጭ አልኩ። መቼ ይጀምራል? ምን ያህል ይቆያል? እስከ የት ይደርሳል? ወደ ጓሮ ወስደው ግድግዳው ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር አሳዩኝ፤ ጉልበቴ ጋ ይደርሳል። ሦስት ጎረቤት ጨምሬ ጠየቅሁ፤ ሁሉም ያንኑ ነገሩኝ።

«ታዲያ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው። አጥሩን ያጠረው ሰው እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ዕድራቸውም አንድ ነው። ይህን የትኛውም የሃይድሮሊክስ መጽሐፍ አይነግረኝም ነበር። ስሌታችን አልተሳሳተም፤ የጠየቅነው ሰው ነው ያልነበረው። ከላይ በኩል አንድ የውሃ መግቢያ ተጨመረ፤ ቦዩም ዞረ።

አሁን ለኢንጂነሩም ስለ ሰው የመማር ዕድሉ ተሻሽሏል። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ሲመለስ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪውም ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂና አንትሮፖሎጂ መማር ጀመረ። የሚያሳዝነኝ ብዙዎቻችሁ ሃንድአውቱን ሸምድዳችሁ፣ ፈተናው ሲያልፍ መርሳታችሁ ነው። አሜሪካ ለመማር የምታመለክቱ ደግሞ «ሦስት ሲደመር ሁለት» የሚባለውን አሠራር እዩት፦ ሦስት ዓመት በሊበራል አርትስ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት እንደ ኮሎምቢያ ባለ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና፤ ሲጨረስ ሁለት ዲግሪ።

ሁለት ዲግሪ ለሁሉም ያስፈልጋል አልልም። የማታ ትምህርት ከሥራ በኋላ ያደክማል፤ ከስድስት ኪሎ ቀራንዮ በምሽት ታክሲ ማግኘትም ቀላል አይደለም። ግን ዘንድሮ ፍሬሽማን የሆናችሁ፣ አንትሮፖሎጂውን ለውጤት ብቻ አታንብቡት። አንድ ቅዳሜ በሰፈራችሁ አንድ አዛውንት ስለ ክረምቱ ውሃ ጠይቁና ጻፉት። ላኩልኝ፤ አነበዋለሁ።