እንዴት ይሠራል? ጎማ ሲተልቅ መኪናው ስንት ከፍ ይበል?

ከአርብ ገበያ ወደ በሽሎ ሸለቆ ለሚወርድ ሃርድቶፕ ከባዱ ነገር ከመንገዱ መሐል ጉብ ብሎ የቀረ ድንጋይ ነው። የክረምት ጎርፍ ሁለቱን የጎማ ዱካዎች ይቦረቡራቸዋል፤ መሐሉ ግን እንዳለ ይቀራል። ዲፈረንሻሉ ሲመታ ተሳፋሪው ሁሉ ይደነግጣል። ሾፌሩም ጋራዥ ገብቶ «ባሌስትራ ጨምሩልኝ፣ ከፍ ትበል» ይላል። መኪናዋ ከፍ ትላለች። በሚቀጥለው ጉዞ ግን ያው ድንጋይ ያንኑ ዲፈረንሻል ይመታል። ለምን?

ዲፈረንሻሉ ያለው አክስሉ ላይ ነው፤ አክስሉን የተሸከመው ደግሞ ጎማው ነው። ባሌስትራውም ሆነ ሞላው የሚያነሣው ከአክስሉ በላይ ያለውን ነው፤ ማለትም ሻሲውን፣ ካቢናውንና ጭነቱን። ስለዚህ አክስላቸው አንድ ወጥ በሆኑት እንደ ሃርድቶፕ ባሉ መኪኖች ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ትልቅነት ነው። የባሌስትራው ድርሻ ለዚያ ጎማ ቦታ መልቀቅ ነው።

ምን ያህል ቦታ? አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ሳህን ጠረጴዛ ላይ በጠርዛቸው አቁሙ። የትልቁ መሐል ከትንሹ መሐል ከፍ የሚለው በስፋታቸው ልዩነት ግማሽ ነው። ጎማም እንዲሁ ነው። 265/70 አር 16 የሚል ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 777 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ 285/75 አር 16 ደግሞ ወደ 834። ልዩነቱ 57 ሚሊሜትር ነው። ዲፈረንሻሉ ከፍ የሚለው ግን 28 ያህል ብቻ ነው፤ ሌላው 28 ወደ ላይ፣ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል።

«እንግዲያው 3 ሳንቲሜትር ከፍ ላድርጋት» ማለት ይቻላል። መኪናዋ ቆማ ሳለ ልክ ነው። ጉድጓድ ስትገባ ግን ባሌስትራው እስከ መጨረሻው ይጨፈለቅና ጎማው ድሮ ይደርስበት ከነበረው ቦታ ይደርሳል፤ የተጨመረው ከፍታ በዚያች ቅጽበት አይገኝም። ስለዚህ አክስሉ ሻሲውን እንዳይመታ የሚያቆመው የላስቲክ መቆሚያም በዚያው ልክ መርዘም አለበት። መሪ ሲዞር ደግሞ የጎማው ትከሻ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አዲሱ ጎማ በጎንም 20 ሚሊሜትር ይሰፋል።

መፈተኛው ቀላል ነው። የተለመደውን ጭነት ጫኑ። አንዱን የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ አውጡ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩ። ፓራፋንጎው ውስጥ የደረቀውን ጭቃ እዩት፤ ጎማው የሚደርስበት ቦታ ላይ ጭቃው ተልጦ ብረቱ ያበራል። ያ ምልክት ካለ ቦታው አልበቃም።

ከሚበቃው በላይ ማንሣትም ጉዳት አለው። የፍሬን ቱቦው ይወጠራል፤ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ በጣም ያዘነብልና ክሮቼራው ቶሎ ያልቃል፤ መሪው ከጠመዝማዛ በኋላ በራሱ አልመለስ ይላል። ከሁሉ የሚብሰው ክብደቷ ወደ ላይ መሄዱ ነው፤ ያጋደለ መንገድ ላይ ቶሎ ትገለበጣለች። ትልቅ ጎማ ለሞተሩም ለፍሬኑም ሸክም ነው፤ የፍጥነት መለኪያውንም ያሳስተዋል። በምሳሌያችን መሠረት 80 ሲያሳይ መኪናዋ 86 ያህል እየሮጠች ነው።

ስለዚህ ጋራዥ ስትገቡ ከጎማው ጀምሩ። ድንጋዩን የሚያሳልፋችሁን አነስተኛውን ጎማ ምረጡ፤ የሚጎድለውን ቦታ ለኩ፤ መኪናዋን በዚያው ልክ ብቻ ከፍ አድርጉ፤ መቆሚያውንና የፍሬን ቱቦውን አብራችሁ አሠሩ። ከፍታውን የሚያዘው ሾፌሩ ነው፤ በገደሉ ጠርዝ አብረውት የሚያልፉት ግን ከገበያ የሚመለሱ እናቶች ናቸው።